የልጆቹ ጎተራና የቦራ አጥንት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፤ ብርዱ እግሬን በላኝ። ይቺንም ድመት ከጭኔ ላይ አንሡልኝ። እንደዚያ።

ተረት ተረት!

«ንገሪን ከመሠረት!»

ድምፃችሁ ወዴት ሄደ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት!

«ንገሪን ከመሠረት!»

እህ፣ አሁን ሆነ። የዛሬው አያስቅም። ጦጣም የለበትም፣ ጅብም የለበትም። መጨረሻውም አያምርም፤ ቀድሜ ልንገራችሁ። መጨረሻው የሚያምር ተረት የፈለገ ተነሥቶ ይተኛ። ማንም አልተነሣም? እሺ፣ እናንተው ናችሁ የፈለጋችሁት።

በድሮ ዘመን፣ ሾላ አፋፍ የሚባል አገር ነበረ። አገሩን ከሌላው አገር የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ማንም ወዲህ አይመጣም፣ ማንም ወዲያ አይሄድም። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነበር። ቄሱም ማዶ ነበሩ። በክረምት የሞተ ሰው በዚህ በኩል ካለች ጉብታ ላይ ይቀበራል፤ ፍትሐቱም ወንዙ እስኪጎድል ይቆየዋል።

አንድ ዓመት በሽታ ገባ። የምን በሽታ እንደሆነ ማንም አላወቀም። ትልልቁን ሰው እየመረጠ ወሰደና ልጆቹን ተወ። ዘጠኝ ልጆች ያለ እናት ያለ አባት ቀሩ። ከነሱ ትልቋ ደብሪቱ ትባላለች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷንም አባቷንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀበረች።

የሾላ አፋፍ ሰው ክፉ አልነበረም። ይህን ያዙልኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኔም ተናድጄ እነግራችሁና ይወጣልኝ ነበር። ሰዉ ተሰበሰበና ልጆቹን ለየቤቱ ተካፈለ። ልጁ ይበላል፣ ለበላበት ይሠራል። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ጥጃ ይጠብቃል፣ ሕፃን ያዝላል። ደብሪቱ የሻረግ የምትባል ሴት ቤት ደረሳት። የሻረግ አትመታትም ነበር። ታበላታለች፤ ግን የቤቱ ሰው በልቶ ሲነሣ ነው የምታበላት። ልጅቷ የምትተኛውም በር ሥር ነው።

በዚያ አገር አንድ አስተማሪ ነበሩ፤ የኔታ ክንፉ ይባላሉ። ቀጭን፣ ሳል የማይለቃቸው ሰው ናቸው። ልጅ ያለው ሰው ልጁን ይልክላቸዋል፣ በመኸርም እህል ይሰፍርላቸዋል። አባት ለሌለው ልጅ ግን ማን ይሰፍርለታል? ስለዚህ ወላጅ የሞተበት ልጅ ፊደል አይቆጥርም ነበር። ይህን ብሎ የደነገገ ሰው የለም። እንዲያው እንደዚያ ነበር የሚኖረው።

አንድ ቀን የኔታ ክንፉ ዱላቸውን ይዘው ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሄዱ። ጭቃ ሹም ማለት የአገሩ ሹም ነው፤ ጓንጉል ይባላል። አዎ፣ አንቱ አላልኩትም። የሻረግንም አንቱ አላልኳትም። ቆዩ፣ ይገባችኋል።

የኔታም፦ «ልጆቹን ስጠኝ» አሉት።

ጓንጉል፦ «የትኞቹን ልጆች?»

የኔታ፦ «ዘጠኙን። ላስተምራቸው።»

ጓንጉል፦ «ማን ይከፍልዎታል የኔታ?»

የኔታ፦ «ማንም አይከፍለኝም። በነፃ ነው።»

ጓንጉል፦ «እሱስ ይሁን። ሲማር የዋለውን ልጅ ማን ያበላዋል? ሰዉ የሚያበላቸው እኮ ስለሚሠሩለት ነው። ሰዉም ደኻ ነው።»

የኔታ፦ «ከገደሉ አናት ያለውን ድንጋያም መሬት ስጠኝ። ማንም አርሶት አያውቅም። ራሳቸውን ያበላሉ።»

ጓንጉል ሳቀ። ድንጋይ አርሰው ሊበሉ ነው ብሎ ሳቀ። ግን ሰጣቸው። አንድ ከሲታ ጥጃም ጨመረላቸው። የሚሞት መስሎት ነው የሰጣቸው።

ከዚያም የኔታና ዘጠኙ ልጆች ድንጋይ ለቀሙ። አንድ በጋ ሙሉ ለቀሙ። የአገሩ ሰውም አይቶ አዘነላቸውና አንድ ቀን ደቦ ወጣላቸው። በዶማ ቆፍረው ገብስ ዘሩ። ገብሱ በቀለ። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ፣ በሁለተኛው ደህና፣ በሦስተኛው ብዙ ሆነ። ልጆቹ ከየቤቱ ወጥተው የኔታ ጎጆ ገቡ። ጎተራም ሠሩ። ጎተራውን በጭቃ ሲለስኑት ዘጠኙም እጃቸውን በእርጥቡ ጭቃ ላይ አተሙ። ዘጠኝ መዳፍ። የትንሹ፣ የማንደፍሮ መዳፍ እዚህ ታች፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሰዉ «የልጆቹ ጎተራ» ይለው ጀመር።

ያ ከሲታ ጥጃም አልሞተም። በእጃቸው እያበሉ አሳደጉት። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አሉት። ቦራ በሬ ሆነና ከየሻረግ ባል በሬ ጋር እየተጠመደ አረሰላቸው።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ነው። ብራና ከየት ይመጣል? የኔታ ሰው ድግስ ሲደግስ እየሄዱ የበሬ ትከሻ አጥንት ይለምናሉ። አያችሁት አይደል፣ ያ ሰፊው፣ ሳንቃ የሚመስለው አጥንት። አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በወስፌ ፊደል ይጭሩበታል። ከዚያም በጭረቱ ላይ ጥላሸት ሲያሹበት ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለየልጁ አንዳንድ አጥንት ሰጡ። ጎጆው ከሩቅ ሲሰማ «ሀ! ሁ! ሂ!» ይላል። ሦስት ዓመት ተኩል እንደዚያ አለ። ደብሪቱ ንባብ አወቀች። ዳዊት ልትጀምር ነበር።

በአራተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ሲገባ፣ የኔታ ወደቁ። ሳሉ ደም አመጣ። ወንዙ ሞልቷል። ኑዛዜ የሚሰማው የነፍስ አባት ማዶ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ኑዛዜ ከአፍ ነው የሚሰማ፤ ቄስ ባይኖር ጎረቤት ይሰማና ይመሰክራል። የሻረግ አጥሚት ይዛላቸው መጣች። እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታማስላለች። የኔታም አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

የኔታ፦ «የሻረግ፣ ስሚኝ። ተዝካር እንዳያወጡልኝ። ቦራንም እንዳያርዱት። እህሉ የልጆቹ ነው። ወንዙ ሲጎድል የእኅቴ ልጅ ይመጣል፣ ያስተምራቸዋል። እስከዚያ ይጠብቋቸው። ሰማሽ?»

የሻረግ፦ «ሰማሁ የኔታ። አሁን አጥሚቱን ይጠጡ።»

የሻረግ ስትሄድ የኔታ ልባቸው አላረፈም። አጥንት አስመጡና ያንኑ ቃል በወስፌ ጫሩት። ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀባቸው። ከዚያም ለደብሪቱ ሰጧት።

የኔታ፦ «አንብቢልኝ።»

አነበበች። አንድም ፊደል አልሳተችም።

የኔታ፦ «አሁን ሞቼም እናገራለሁ» አሉና ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ሞቱ።

አሁን የዚያን ጊዜ ነሐሴ እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ። ዝናቡ የመጀመሪያውን ዘር አበስብሶት ነበር። አዲሱ እህል የሚደርሰው ኅዳር ነው። በየቤቱ ጎተራው ተጠርጓል። ሰዉ ጎመንና ሥር እየቀቀለ ይበላል። እህል ያለው አንድ ጎተራ ብቻ ነበር። የኔታ «የዛሬው ይበቃል» እያሉ ለልጆቹ እየቆነጠሩ ያቆዩት ጎተራ።

ሰዉ ጓንጉል ደጅ ተሰበሰበ። ጓንጉል አለቀሰ። የእውነት ነው ያለቀሰው፤ በሐሰት አላለቀሰም። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩት እሱንም ጭምር ነበር፤ ሞኝ ስለነበር ከሀ ሁ አላለፈም እንጂ።

ጓንጉል፦ «የኔታ ልጅ የላቸው፣ ሚስት የላቸው። ያለኛ ማን አላቸው? በአርባው ቀን ወንዙ ይጎድላል፣ ቄሱም ይመጣሉ። ተዝካራቸውን ባናወጣ ማዶ ያለው ሰው ምን ይለናል? አስተማሪያቸውን እንደ ውሻ ጣሏቸው ይለናል።»

ሰዉ፦ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

ጓንጉል፦ «እህሉም የኔታ ጎተራ ውስጥ አለ።»

አያችሁ? «የልጆቹ ጎተራ» የነበረው በአንድ ቀን «የየኔታ ጎተራ» ሆነ።

ደብሪቱ አጥንቱን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ሴት ልጅ በዚያ ጉባኤ መሐል ቆማ አታውቅም። እሷ ቆመች።

ደብሪቱ፦ «የኔታ ጽፈዋል። ላንብብላችሁ።»

አነበበችውም፦ «እኔ ክንፉ። ተዝካር አታውጡልኝ። እህሉ የልጆቹ ነው። ቦራን አትረዱት። ወንዙ ሲጎድል የእኅቴ ልጅ መጥቶ ያስተምራቸዋል። እስከዚያ ጠብቋቸው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ ጉባኤ ማንበብ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኔታ አስተምረው ያደረሷቸው ወንዶች ዲቁና ሊማሩ ማዶ ነበሩ፤ ወላጅ ያላቸው ትንንሾቹም ገና ፊደል ቆጠራ ላይ ናቸው።

ጓንጉል፦ «ልጄ፣ ኑዛዜ በአፍ ነው። በአጥንት የሚናዘዝ ሰው አይተን አናውቅም።»

ደብሪቱ፦ «ይኸው እኮ፣ ጽፈውታል!»

ጓንጉል፦ «የተጻፈውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። እህሉን የምትበይውም አንቺ ነሽ።»

ከዘጠኙ ልጆች ሌላው ተነሥቶ ያንኑ አነበበ። «እሷ አስጠንታው ነው» አሉ። ሦስተኛው ተነሣ። «እሱንም አስጠንታው ነው» አሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ልጆቹን ማንበብ ያስተማሯቸው ሰው ሞተዋል፤ ማንበባቸውን የሚያምን ሰው የለም።

ጓንጉል፦ «ከአፋቸው የሰማ ሰው አለ? አንድ ሰው ከሰማ ይበቃናል። እህሉን አንነካም።»

ደብሪቱ ዞር አለች።

ደብሪቱ፦ «እትዬ የሻረግ ሰምተዋል። ምድጃው አጠገብ ነበሩ።»

ሁሉም የሻረግን አየ። የሻረግ ሦስት ልጆች ነበሯት። ትንሿ ጡቷ ላይ ናት፤ ጡቷ ደርቋል። ሁለቱ ከሁለት ቀን ወዲህ ከጎመን ውኃ በቀር አልቀመሱም። እሷም መሬት መሬት አየች።

የሻረግ፦ «እኔ አልሰማሁም። አጥሚት እያማሰልኩ ነበር።»

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ጎተራውን ከፈቱት። ገብሱን ሴቶቹ ፈጩት፤ ሲፈጩም ለየልጃቸው ይቆነጥሩ ነበር። ዳቦውን ጋገሩት፣ ጠላውን ጠመቁት። ለድግስ ውኃ የሚቀዳው ማነው? ሁልጊዜ የሚቀዱት ልጆች ናቸው። ዘጠኙ ልጆች ለራሳቸው እህል ውኃ ቀዱ። ቦራን ሊይዙት ሲሉ ከወንዶቹ ሸሸ። ደብሪቱን ጥሪው አሏት፤ እንቢ አለች። ትንሹን ማንደፍሮን ጨው አስያዙትና ጥራው አሉት። እሱም ጨው ሊያልሱት መስሎት «ቦራዬ፣ ና!» አለ። ቦራም መጣ።

ምን ታለቅሻለሽ አንቺ? ቀድሜ ነግሬሻለሁ።

በአርባው ቀን ወንዙ ጎደለና ቄሱ ተሻገሩ። ፍትሐቱ ተደረገ። ዳሱ ሞላ። ሰዉ ከወር በላይ ያላየውን ምግብ አየ። ሕፃናቱ እየሳቁ በሉ። ደብሪቱም በሰዉ መካከል ሄደችና አጥንቱን ለቄሱ ሰጠቻቸው። ቄሱ መጀመሪያ በልባቸው አነበቡት። ከዚያም ተነሡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ልጅቷ ያነበበችው ቃል ነው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።



ቄሱ፦ «ጎተራው ውስጥ ምን ቀረ?»

ሰዉ ወደ ጠላው ጋን አየ።

ቄሱ፦ «በሬውስ?»

ሰዉ እጁ ላይ ያለውን ሥጋ አየ። ጓንጉል ነጠላውን በፊቱ ላይ ሳበው። ከዚያም አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ «እንግዲህ ከተሠራ አይበላሽ» አለ። ቀስ ብሎ አንዱ ጎረሰ፣ ሌላውም ጎረሰ። ሁሉም በላ። እያፈሩ በሉ፣ እያፈሩ ጨረሱት።

በማግስቱ ልጆቹን እንደ ድሮው ለየቤቱ ተካፈሉ። ሌላ ምን ያድርጉ? በሳምንቱ የየኔታ የእኅት ልጅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ጎጆው ባዶ ነው። ጎተራው ባዶ ነው። የዘጠኙ መዳፍ ብቻ ጭቃው ላይ አለ። ከቤት ቤት እየዞረ ልጆቹን ጠየቀ። አንዱ እንጨት ለቀማ ሄዷል፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች፣ አንዱ ጥጃ ጋ ነው። ሁለት ቀን ጠበቀ። የሚያድርበት ሰጡት፣ የሚያስተምረው ልጅ ግን የሚሰጠው አጣ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሄደ። ከገደሉ አናት ያለው የልጆቹ ገብስም ኅዳር ላይ ሲደርስ፣ ልጆቹን ያሳደሩት ቤቶች አጭደው ተካፈሉት።

ደብሪቱ የሻረግ ቤት ተመለሰች፤ በር ሥር። ከድግሱ ቦታ የቦራን ትከሻ አጥንት ፈልጋ ይዛ መጥታ ነበር። ሥራ ስትጨርስ በወስፌ ትጭርበታለች። ብዙ ቀን ጫረች። አጥንቱ ግራና ቀኙ ሞላ። ምን እንደጻፈች ማንም አልጠየቃትም። የሻረግም አልጠየቀችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማዶ ላለ ለአንድ ሽማግሌ ዳሯት። አጥንቱን ይዛ አልሄደችም። ረስታው ይሁን ወይም ትታው ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው የለም።

አጥንቱ ምድጃው አጠገብ ቀረ። ሰፊ ነውና አመድ ይዝቁበት ጀመር።

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አልከኝ? ጥሩ ጠየቅህ።

የሻረግ የአያቴ እናት ናት። ያቺ ጡቷ ላይ የነበረችው ሕፃን አያቴ ናት። በዚያ እህል ነው የዳነችው። እኔም እናንተም ከዚያ እህል ነን። የሻረግ ልትሞት ስትል አያቴን ጠርታ «ሰምቼ ነበር» አለቻት። ሦስት ጊዜ «ሰምቼ ነበር፣ ሰምቼ ነበር፣ ሰምቼ ነበር» አለች። አያቴም ምን ትበላት? የሻረግም «ዳቦውም ይጣፍጥ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያው ሞተች።

እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ አጥንት አመድ ዝቄአለሁ። በዚህ እጄ። ጭረቱ በጣቴ ይሰማኝ ነበር። እናቴን «ይህ ምንድን ነው?» ስላት «አይጥ በልቶት ነው» አለችኝ። እሷም ማንበብ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ከዚያም ዘመኑ ተለወጠና የናንተ እናት ትምህርት ቤት ገባች። በቤታችን ማንበብ የቻለች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አንድ ቀን መጥታ ሳሙናው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ሮጥኩና ከምድጃው ሥር አጥንቱን ፈለግሁት። ከአመዱ ሥር ፈለግሁት፣ ከጓሮ ፈለግሁት። እናቴ «ተሰብሮ ነበርና ባለፈው ክረምት ጣልኩት፤ ውሻ ወሰደው» አለችኝ።

ያች ልጅ ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም። የሻረግን ረግማት ይሆናል። የእናቷን ስም ጽፋ ይሆናል። ወይም እንዳይጠፋት ብላ ሀ ሁ ብቻ ደጋግማ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ግን አመድ ስንዝቅበት ኖርን። ይኸው ያንገበግበኛል።

በሉ፣ ተረቴን እንካችሁ፣ ዳቦዬን አምጡልኝ። ብቻ ከመቁረሳችሁ በፊት እህሉ የማን እንደሆነ ንገሩኝ።